ትራኩ ቆሞ ስንት ይበላል?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ኮሎራዶ ኦሮራ የምኖር የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፣ ትራክ ላይ 11 አመት ሆነኝ። ጋዜጣችሁን ቤት ስገባ ነው የማነበው፣ ደብዳቤ ግን ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት፣ ረዘም ቢል ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሀቫና ስትሪት ላይ የኛ ሰው ቡና ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ልጅ መጣና "ጋሼ ትራክ ነው አይደል የሚሰሩት፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" ብሎ ወረቀት ዘረጋልኝ። በዲቪ ከመጣ ሁለት አመት አልሞላውም፣ ሲዲኤሉን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን) ካወጣ ደግሞ ገና አራት ወሩ ነው። የሊዝ ፐርቸዝ ውል ነው፣ የካምፓኒውን ትራክ በየሳምንቱ ኪራይ እየከፈልክ በመጨረሻ ያንተ ይሆናል የሚባልበት፣ 31 ገጽ፣ ሰኞ ሊፈርም። ስንቱን አነበብከው አልኩት፣ የመጀመሪያውን ገጽና የሚፈረምበትን አለኝ። ከዛ ስልኩን አውጥቶ ጓደኛው የላከለትን ፎቶ አሳየኝ፣ የሳምንት ግሮስ፣ ምንም ሳይቆረጥ ማለት ነው፣ 9,400 ዶላር ይላል። "በሳምንት እኮ ነው ጋሼ" ሲለኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ እስካሁን አይኔ ላይ አለ፣ ምክንያቱም እኔም እንደሱ ደስ ብሎኝ ነበር የፈረምኩት።

ስለዚህ የራሴን ልንገራችሁ። ካምፓኒውን ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ የአንድ ካምፓኒ ስላልሆነ።

እ.ኤ.አ. ማርች 2022 ነው የፈረምኩት። ያኔ የጭነት ዋጋ ከኮቪድ በኋላ ጣራ ነክቶ ነበር፣ ሎድ ቦርድ (ጭነት የሚፈለግበት ድረ ገጽ) ላይ ያለው ዋጋ ያስጎመጅ ነበር፣ ሁሉም ሰው የራሴ ትራክ የራሴ ትራክ ይል ነበር። ለብዙ አመት የካምፓኒ ሹፌር ሆኜ በማይል እየተከፈለኝ ስሰራ ስለነበር አንድ ካምፓኒ ዳውን ፔይመንት የለም፣ ክሬዲት አናይም፣ በሳምንት 1,050 ዶላር ብቻ እየከፈልክ በአራት አመት ትራኩ ያንተ ነው ሲለኝ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። ቁጭ ብዬ እንኳን አላባዛሁትም። 208 ሳምንት በ1,050 ሲባዛ 218,400 ዶላር ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ባሉን ፔይመንት የሚሉት 15,000 አለ፣ በድምሩ 233,400። ያው ሞዴል፣ ያው አመት፣ ተቀራራቢ ማይል ያለው ትራክ በዛ ሰሞን ሻጭ ጋ 115,000 ነበር፣ ያውም ያገለገለ ትራክ በጣም በተወደደበት ጊዜ። ይሄን ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

እኔ በፈረምኩ በጥቂት ወራት የጭነቱ ዋጋ መውረድ ጀመረ፣ ነዳጁ ደግሞ ወጣ፣ ጁን 2022 ላይ የናፍጣ አማካይ ዋጋ በጋሎን ከ5 ዶላር ከ70 ሳንቲም በላይ ገባ። የሳምንቱ 1,050 ግን ያው 1,050 ነው።

አሁን አንድ ጥሩ የሚባል ሳምንት ላሳያችሁ፣ የ2023 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ወረቀቱ አሁን ፊቴ ነው ያለው። ባዶውን ጨምሮ 2,800 ማይል ነዳሁ፣ ግሮስ 6,000 ዶላር። ካምፓኒው 20 ፐርሰንቱን 1,200 ወሰደ። የትራኩ ኪራይ 1,050። ነዳጅ 1,800። ኢንሹራንስ 310፣ የተጎታቹ ኪራይ 225፣ ለጥገና ተብሎ በማይል 12 ሳንቲም ኤስክሮ (ካምፓኒው ይዞ የሚያቆየው ተቀማጭ) የሚገባ 336፣ ታርጋና ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓት መመዝገቢያ) ምናምን 75። የቀረኝ 1,004 ዶላር ነው። ያንን ሳምንት 70 ሰዓት ሰርቻለሁ፣ በህግ የሚፈቀደውን እስከመጨረሻው ማለት ነው፣ ስታካፍሉት በሰዓት 14 ዶላር ከ34 ሳንቲም ይመጣል፣ ታክስ ሳይነካው። የዛን አመት የኮሎራዶ ዝቅተኛ ደሞዝ በሰዓት 13 ዶላር ከ65 ነበር። በማይል 60 ሳንቲም የሚከፈለው የካምፓኒ ሹፌር በዚያው 2,800 ማይል 1,680 ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር፣ ጎማ ፈነዳ አልፈነዳ ሀሳብ የለበት፣ ነዳጅ ጨመረ ቀነሰ ሀሳብ የለበት።

ይሄ ጥሩው ሳምንት ነው።

መጥፎው ደግሞ ይሄ ነው። ጃንዋሪ ላይ ዋዮሚንግ ውስጥ አይ 80 አውራ ጎዳና በበረዶና በነፋስ ተዘጋ፣ ያንን መንገድ የሚነዳ ያውቀዋል፣ ከቼየን ወደ ላራሚ ስትወጣ ነፋሱ ባዶ ተጎታች ገልብጦ ይጥላል። ላራሚ ትራክ ስቶፕ ሶስት ቀን ቆምኩ። ሞተር እያስነሳሁ ስሞቅ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ስልኬ ላይ የመንገዱን ካሜራ በየግማሽ ሰዓቱ አያለሁ፣ ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። አርብ ሴትልመንቱ፣ የሳምንቱ ሂሳብ፣ በኢሜል መጣ። 1,100 ማይል፣ ግሮስ 2,300፣ ከዛ ሁሉም ቆራጭ እንደ ልማዱ ቆርጦ ከታች በቀይ ኔጋቲቭ 662 ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ከቤቴ ርቄ በረዶ ውስጥ ተኝቼ እኔው ለካምፓኒው 662 ዶላር ባለእዳ ሆንኩ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ይቆረጣል ማለት ነው። ባለቤቴ ደውላ የቤት ኪራዩን መቼ ታስገባለህ ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፣ ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁት። ያን ቀን ለሷ መዋሸቴ ከ662ቱ በላይ ነው ያመመኝ።

እንግዲህ ልጁን የጠየቅኩት ይሄንን ነው። ትራኩ ቆሞ ስንት ይበላል? ስትነዳ ስንት ታገኛለህ የሚለውን ሁሉም ይነግርሀል፣ ሪክሩተሩም (ለካምፓኒው ሹፌር የሚመለምለው) ጓደኛህም ይነግርሀል። የኔ ትራክ አንድ ማይል ሳይነቃነቅ፣ እኔ ታምሜ ብተኛ፣ ዘመድ ሞቶብኝ ለቅሶ ብቀመጥ፣ ኪራይና ኢንሹራንስ ተጎታችና ሌላው ተደምሮ በሳምንት 1,660 ዶላር ይበላ ነበር። ከልጁ ጋር ይሄን ቁጥር ከሱ ውል ውስጥ ፈልገን ለማውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፣ አራት የተለያየ ገጽ ላይ ነው የተበታተነው። የሱ 1,815 ነው።

ጥገናውን ደግሞ ልጨምር። ሊዝ ፐርቸዝ ላይ ትራኩ የካምፓኒው ነው፣ ሲበላሽ ግን ያንተ ነው። በአምስተኛው ወር ኔብራስካ ኖርዝ ፕላት አካባቢ ትራኩ ጉልበት አጣ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የዲፒኤፍ (የጭስ ማጣሪያው) መብራት በራ፣ እየተጎተትኩ ጋራዥ ገባሁ። ኢጂአር ኩለሩ (የጭስ ማቀዝቀዣው) አፍስሶ ዲፒኤፉን ጭምር አበላሽቶታል፣ ቢሉ 6,380 ዶላር። ኤስክሮ ውስጥ የነበረኝ 5,200 በአንድ ቀን አለቀ፣ ቀሪው ከደሞዜ በየሳምንቱ ተቆረጠ። ስድስት ቀን ጋራዥ ቆሞም ኪራዩ አልቆመም። ፈርመህበታል አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ገጽ 19 ላይ አለ።

በ14ኛው ወር መለስኩት። 61 ሳምንት ከፍዬ፣ ማለትም 64,050 ዶላር፣ አንድ ብሎን የኔ ሳይሆን። ኤስክሮ ላይ ወደ 4,000 የሚጠጋ ቀርቶኝ ነበር፣ ለጽዳት፣ ለጎማ፣ ለቀለም ብለው ቆራርጠው ከሶስት ወር በኋላ የ312 ዶላር ቼክ ላኩልኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ፣ መብት እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ለዚህ ነው ደብዳቤውን ለእናንተ መጻፍ የፈለግኩት። የፌደራል መንግስት ትሩዝ ኢን ሊዚንግ የሚባል ደንብ አለው፣ የፌደራል ደንቦች ቁጥር 49 ክፍል 376 ነው። ስንት አመት ትራክ ስነዳ ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ውሉ በጽሁፍ መሆን አለበት ይላል፣ ምን ምን እንደሚቆረጥብህና እንዴት እንደሚሰላ ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት ይላል። በፐርሰንት የምትከፈል ከሆነ ካምፓኒው የጭነቱ ዋጋ የተጻፈበትን የፍሬት ቢል ኮፒ ሊሰጥህ ይገባል። ወረቀትህን ካስገባህ በ15 ቀን ውስጥ መከፈል አለብህ። ኤስክሮ ላይ ያለው ገንዘብ ወለድ ይከፈልበታል፣ ሂሳቡን በፈለግክ ጊዜ ማየት ትችላለህ፣ ውሉ ካለቀም ከ45 ቀን ባልበለጠ ጊዜ የመጨረሻ ሂሳብ ተሰርቶ የተረፈው ይመለስልሀል። ጭነት እንድሰጥህ ከፈለግክ ከኔ ግዛ፣ ከኔ ኢንሹራንስ ውሰድ ብሎ ማስገደድም አይፈቀድም። እኔ ሶስት ወር ጠብቄ 312 ዶላር ስቀበል ይሄ ሁሉ ተጽፎ ነበር፣ በአማርኛ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እኛ ብቻ ተታለን እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካኖቹም ያው ናቸው። በ2021 የወጣው የመሰረተ ልማት ህግ ባዘዘው መሰረት ይሄንኑ የትራክ ሊዝ ጉዳይ የሚያጠና ቡድን ተቋቁሞ ነበር፣ በጃንዋሪ 2025 ሪፖርቱን አቅርቦ ሊዝ ፐርቸዝ እንዲታገድ ለኮንግረስ ምክር ሰጥቷል። ምክር ነው እንጂ ህግ አይደለም፣ ሰኞ የሚፈርመውን ልጅ አያድነውም። ግን መንግስት ራሱ ያቋቋመው ቡድን ይታገድ ያለውን ነገር የኛ ልጆች ሳያነቡ ሲፈርሙ ማየት ያሳዝናል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ሳልለው ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። ብዙዎቻችን የምንገባው የፈረንጅ ካምፓኒ ብቻ አይደለም፣ የኛው ሰው ጋ ነው። አምስትም አስርም ትራክ ያለው ወንድማችን አለ፣ ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፣ ስራ የሌለውን አስገብተው ሰው ያደረጉ አውቃለሁ፣ እኔንም መጀመሪያ መንገዱን ያሳየኝ እንደዛ አይነት ሰው ነው። ግን ስምምነቱ በቃል ነው። "በኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል" ይባላል። ሹፌሩ 75 ፐርሰንት ይባላል፣ የምኑ 75 እንደሆነ ግን አያይም፣ ብሮከሩ (ጭነት የሚያገናኘው ደላላ) የከፈለው የተጻፈበትን ሬት ኮንፈርሜሽን አይቶት አያውቅም፣ 2,400 ነው ከተባለ 2,400 ነው። መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ከዛ አንድ ቀን ነገር ይበላሻል፣ ሁለት አበልጆች ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ አይተያዩም፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ሽማግሌው ደግሞ የሚያየው ወረቀት የለም። እንዲህ አይነት ሽምግልና ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ ሁለቱም ሰዎች እውነታቸውን ይመስሉኝ ነበር። ባለ ትራክ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ወረቀቱን አሳዩ፣ እናንተንም ይጠብቃችኋል።

ታክሱን በአጭሩ። በ1099፣ ማለትም እንደ ግል ሰራተኛ ስትሰራ ማንም አይቆርጥልህም፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬሩን አሰሪም ሰራተኛም ሆነህ ሁለቱንም ጎን አንተ ነህ የምትከፍለው፣ 15.3 ፐርሰንት፣ ኢንካም ታክሱ ከዛ በላይ ነው። በአመት አራት ጊዜ አስቀድሞ ይከፈላል፣ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ ላይ። እኔ የመጀመሪያውን አመት አንድም አልከፈልኩም፣ ኤፕሪል ላይ ከነቅጣቱ መጣብኝ። ከ75,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዘን ትራክ ፎርም 2290 የሚባለው የከባድ መኪና ታክስ በአመት 550 ዶላር አለ፣ ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ እዩት። በጎ ጎኑ ደግሞ ፐር ዲየም አለ፣ ከቤት ውጪ ለምታድርበት ቀን ለምግብ 80 ዶላር ተይዞ ከሱ 80 ፐርሰንቱ ከገቢ ላይ ይቀነሳል፣ ለግል ሰራተኛ ነው የሚሆነው፣ ደብልዩ 2 ለሆነ፣ ማለትም ለተቀጠረ ሹፌር ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል። የት እንዳደርክ ካልመዘገብክ ግን ለማስረዳት ትቸገራለህ፣ የትራክ ስራ የሚያውቅ አካውንታንት ያዙ፣ የሰፈሩ ታክስ ሰሪ ሁሉ አያውቀውም።

የራስ ትራክ አያዋጣም እያልኩ አይደለም። ከዛ በኋላ ተመልሼ ሁለት አመት ያህል የካምፓኒ ሹፌር ሆኜ ሰራሁ፣ አፍሬ ነበር፣ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ። እቁብ ገባሁ፣ 25 ሰው፣ በወር 1,000 ዶላር፣ ብዙዎቹ ሹፌሮችና የኤርፖርት ሰራተኞች ናቸው። እጣው ሲወጣልኝ 25,000 ላይ ያጠራቀምኩትን 14,000 ጨምሬ የስምንት አመት ትራክ በካሽ ገዛሁ፣ ከመግዛቴ በፊት 600 ዶላር ከፍዬ በማላውቀው መካኒክ አስመረመርኩት፣ የሻጩን መካኒክ አላመንኩም። አያምርም፣ የአሽከርካሪ ወንበሩ ተቀዷል፣ ባለቤቴ ብርድ ልብስ አልብሳዋለች። አሁን ከአንድ ካምፓኒ ጋር በሱ አውቶሪቲ (የጭነት ስራ ፈቃድ) እሰራለሁ፣ ካልተስማማን ግን ታርጋቸውን መልሼ ትራኬን ይዤ እሄዳለሁ። ዋናው ልዩነት ይሄ ነው። ሊዝ ፐርቸዝ ላይ ጭነቱን የሚሰጥህና ኪራዩን የሚቀበልህ አንድ ሰው ነው፣ ጭነት ሲያሳጣህም ኪራዩን አይቀንስልህም፣ ልሂድ ብትል ትራኩን ጥለህ ነው የምትሄደው።

የአሁኑ ትራኬ ቆሞ በሳምንት 565 ዶላር ይበላል፣ ኢንሹራንስ 310፣ ተጎታች 180፣ ሌላው 75። በማይል 20 ሳንቲም ለጥገና በራሴ አካውንት አስቀምጣለሁ፣ ሌላ ሰው እጅ አይደለም፣ ገንዘቡ 12,000 እስኪደርስ ድረስ ወደ ኢትዮጵያ ከሚላከው በስተቀር ሌላ ነገር አላወጣሁም። የአሜሪካ ትራንስፖርቴሽን ጥናት ተቋም በ2024 አንድ ትራክ ለማንቀሳቀስ በማይል በአማካይ 2 ዶላር ከ26 ሳንቲም እንደሚያወጣ አስልቷል፣ የሹፌሩ ደሞዝም ተቆጥሮ። የኔ ከዛ ያንሳል፣ ምክንያቱም የትራክ እዳ የለብኝም። ቢሆንም ብሮከር ደውሎ በማይል 1 ዶላር ከ60 ሲለኝ አልወስድም፣ ቁጥሬን ስለማውቀው። ድሮ ቁጥሬን ስለማላውቅ ሁሉንም እወስድ ነበር፣ ኪራዩ ያሳድደኝ ስለነበር ቆሜ መዋል አልችልም ነበር።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ያንን ክፍል 376 የሚባለውን ደንብ የህግ ሰው አስፈልጋችሁ በአማርኛ አውጡልን፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ዴንቨር ብቻ ሳይሆን ዲሲም፣ ሲያትልም፣ ኮለምበስም፣ ዳላስም ያለው ሹፌር ቆርጦ ትራኩ ውስጥ ይለጥፈዋል። የግሮስ ፎቶ ለምትልኩ ወንድሞችም፣ ከስሩ ያለውን ቆረጣ አብራችሁ ላኩ፣ ያ ልጅ ፎቶውን እንዳለ ነው የሚያምነው።

ልጁ እስካሁን አልፈረመም። አራት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፣ ትራኩን ይዤ ወደ ሌላ ካምፓኒ መሄድ እችላለሁ ወይ፣ ሳልሰራ የምቀርበት ሳምንት ኪራዩ ይቆማል ወይ፣ ኤስክሮው በስንት ቀን ይመለሳል፣ የብሮከሩን ወረቀት አያለሁ ወይ የሚሉ። ሰኞ ይዞት ሄደ። ሪክሩተሩ "እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ማናጀሬን ልጠይቅ" ብሎ እስከ ሀሙስ ቀጥሮታል። እኔ ነገ ጠዋት ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ጭነት አለኝ፣ ሀሙስ ስመለስ እንገናኛለን ተባብለናል።

አክባሪያችሁ
የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከኦሮራ ኮሎራዶ